በግራ በኩል የጠፋው ድምፅ

«ራሴን አዞረኝ» ስትሉ «ቁርስ ሳትበሉ ወጥታችሁ ነው» የተባላችሁ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ቤቱ ሲዞርባችሁ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣችሁ ተኝታችሁ፣ አጠገባችሁ የቆመ ሰው «ኧረ ምንም የሚዞር ነገር የለም» ብሏችሁ ከሆነ ደግሞ በተለይ ለእናንተ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ስለ በሽታ የማውቀው የራሴን ብቻ ነው፤ እሱንም ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው። የዘገየሁበት ምክንያት የሚያሳፍርም የሚያስቅም ስለሆነ እንደሆነው ልጻፈው።

የሺ እባላለሁ። አሰላ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሣሪያዎች ማሠልጠኛ የኮምባይነር አነዳድ አስተምራለሁ። ሴት ሆኜ ኮምባይነር ማስተማሬ የሚገርማቸው ሰዎች አሉ፤ እኔን ደግሞ የእነሱ መገረም ይገርመኛል። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ቆይተናል፣ ልጅም አልወለድንም። ማታ ገብቼ ራዲዮ እከፍታለሁ፣ ጠዋት ዘግቼ እወጣለሁ። ብቸኝነትን ለምጄዋለሁ እል ነበር።

በእኛ አገር ስንዴ ሲደርስ ሰው ኮምባይነር ፍለጋ ይራኮታል። ማሽኑ ግን ውድ ነው፣ ማሳውም የሰው ነው። ወራት የለፋበትን ስንዴ ጀማሪ እንዲለማመድበት የሚሰጥ ገበሬ የለም፤ ቢኖርም እኔ አልቀበለውም። ስለዚህ ድሮ ሠልጣኞቻችን ግቢ ውስጥ የቆመች አንዲት አሮጌ ኮምባይነር ዙሪያ ተኮልኩለው ተራ ይጠብቁ ነበር። መሪውን የሚጨብጡትም ሞተሩ ጠፍቶ ነው። በኋላ የቪአር መነጽር መጣልን። መነጽር ይባል እንጂ ዓይንን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን፣ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ነገር ነው። ሠልጣኙ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪ ይጨብጣል፤ በመነጽሩ ውስጥ ግን ራሱን ስንዴ ማሳ መሃል ያገኘዋል። ቀና ሲል ሰማዩ፣ ዝቅ ሲል መቁረጫው፣ ዞር ሲል ከኋላ የሚወረወረው ገለባ ይታየዋል። ድንጋይ ቢመታ ወይም ዳገት ላይ ቢያጋድል የሚጎዳ የለም፤ እንደገና ይጀምራል። መጀመሪያ ሲመጣ ስቄበት ነበር። አንድ የሥልጠና ወቅት ከሠራሁበት በኋላ ግን ያለ እሱ እንዴት አስተምር እንደነበር ግራ ገባኝ።

የእኔ አስተማሪነት በጆሮ ነው። ዓይናችሁን መቁረጫው ላይ አድርጉ፣ ጆሯችሁን ግን ለማሽኑ ስጡ እላቸዋለሁ። መውቂያው ሊታነቅ ሲል ድምፁ ይከብዳል። ቺንጋው፣ ማለትም ቀበቶው፣ ሲላላ ያፏጫል። ኩሽኔታ ሊበላ ሲል፣ ማለትም ዘንጉ የሚሽከረከርበት ብረት ሲደርቅ፣ ቀጭን ጩኸት ይሰማል፤ ያንን ያልሰማ ነጂ ደረቅ ገለባ ውስጥ እሳት ይጭራል። የመነጽሩ ሠሪዎች ይህን አልረሱትም። ለእያንዳንዱ ብልሽት ድምፅ ሰጥተውታል፤ ጆሮ ላይ በሚደፋው ማሰሚያ ከቀኝ የሚመጣው ከቀኝ፣ ከግራ የሚመጣው ከግራ ይሰማል። ለኔ ሲባል የተሠራ ነበር የመሰለኝ።

ሕመሜ የጀመረው ከጉንፋን በኋላ ነው። ጉንፋኑ ሄደ፣ ግራ ጆሮዬ ግን ውኃ እንደገባበት ድፍን ብሎ ቀረ፤ ውስጡም ይጮህ ጀመር። የአሰላ ብርድ ነው ብዬ ሻሽ ጠመጠምኩበት። አንድ ቀን ጠዋት ትምህርቱን ለማዘጋጀት መነጽሩን አጠለቅኩና የኩሽኔታውን ክፍል ከፈትኩ። በግራ በኩል መጮህ የነበረበት ኩሽኔታ ዝም አለ።

ገመቹን ጠራሁት። ገመቹ የኮምፒውተር ክፍላችን ባለሙያ ነው፤ የሮቤ ልጅ፣ ታጋሽ፣ ሲናደድ እንኳ የሚስቅ ሰው።

«ይሄ ነገር በግራ በኩል ሞቷል» አልኩት።

አጠለቀና አዳመጠ። «ኧረ ይሰማል ቲቸር።»

«አንተ ደግሞ ስለ ድምፅ ምን ታውቃለህ? ሙዚቃ ያደነቆረህ ልጅ!»

«ቶሌ፣ እሺ፣ ማሰሚያውን እቀይረዋለሁ» ብሎ ሳቀ። ቀየረው። ሌላው ማሰሚያም በግራ በኩል ሞቶ አገኘሁት። እንግዲህ ማን ያስብ? ለማዕከሉ ኃላፊ መሣሪያው ጉድለት አለበት ብዬ አመለከትኩ። ሠልጣኞቹ «ይሰማናል» ሲሉኝ፣ የመስማት ትምህርቱን ገና አልወሰዱም ብዬ ተውኳቸው። በጆሮዋ የምትተማመን ሰው ጆሮዋን አትጠረጥርም፤ የምትጠረጥረው ዕቃውን ነው።

የወደቅኩት ሠልጣኞቹ ዙሪያዬን ቆመው፣ እኔ መነጽሩን አጥልቄ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ እያሳየሁ ነው። ማሳው በድንገት ወደ ጎን ተገለበጠ። ሶፍትዌሩ ተበላሸ ብዬ መነጽሩን መንጭቄ አወለቅኩት። ማሳው ጠፋ፤ መዞሩ ግን አልቆመም። አሁን ክፍሉ ነበር የሚዞረው፣ መስኮቱና ጥቁር ሰሌዳው እየተከታተሉ። ወንበሩን ይዤ ቁልቁል ሄድኩ። አስታወከኝ። ከሠልጣኞቹ አንዱ «መነጽሩ ነው! መነጽሩ ነው!» ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ በኋላ ያንን ቃል ከሰው አፍ ማውጣት ከባድ ሆነ።

በባጃጅ አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ደም ሰጠሁ። ታይፎይድ ነው ተባልኩ፤ መርፌ ተወጋሁ። መዞሩ አልቀነሰም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚያ ደግሞ ጨጓራዬ ነው ተባለ፣ ትውከቱ ከሱ ነው። ሦስተኛው ጋ ግፊቴን ለክተው ትንሽ ከፍ ብሏል አሉኝ። እንደኔ አምስት ደቂቃ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ወለሉን የሙጥኝ ያለ ሰው ግፊቱ ባይጨምር ነበር የሚገርመው። የማዞር ኪኒን ሰጡኝና «ዕረፍት አድርጊ» አሉኝ። ሐኪሞቹን ልወቅስ አይደለም። አንዳቸውም ስለ ጆሮዬ አልጠየቁኝም፣ እውነት ነው፤ ግን እኔም አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ ልንገራቸው? እኔ የማውቀው የመነጽሩ ማሰሚያ መበላሸቱን ነው። ያ ደግሞ ለሐኪም የሚነገር ጉዳይ አልመሰለኝም።

እህቴ እትዬ ጥሩወርቅ ከጎበሳ መጣች። ገበያ ላይ ሽንኩርት ትነግዳለች፤ መደቧን ለጎረቤት ትታ ነው የመጣችው። ታላቄ ናት፣ እናታችን ከሞተች ወዲህም እናቴ ናት። ገና ስትገባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደችው፣ አልጋዬን ከግድግዳው አስጠጋችው፣ ትራሱን አስተካከለችልኝ። «የዞረበት ሰው ይተኛል የሺዬ። አትንቀሳቀሺ» አለች። ጠበል አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ። ሾርባ ሠራችልኝ፤ አስመለስኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ለመሆኑ እዚያ መነጽር ውስጥ ምን ነበር ያየሽው?» ትለኛለች።

«ስንዴ።»

«ስንዴ ብቻ?»

«ስንዴ ብቻ እትዬ።»

«እንግዲህ የሌለ ስንዴ ስታዪ ነው» አለች። ለሷ ነገሩ ያለቀ ነበር። ማሠልጠኛውም ከእትዬ ጥሩ የተሻለ አላሰበም። ሠልጣኞቹ መነጽሩን አናጠልቅም አሉ፤ ኃላፊው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት።

አሁን ስለመተኛቱ ልናገር፤ ከሕመሙ ይልቅ የሰበረኝ እሱ ነው። በግራ ጎኔ ስተኛ መዞሩ ስለሚብስ ሁልጊዜ በቀኝ ጎኔ ነበር የምተኛው። ደህናው ጆሮዬ ትራስ ውስጥ ተቀብሯል፤ ወደ ሰው የዞረው ግራው ነው፣ የሞተው። ይህን ያኔ አላውቀውም። ጠያቂ ይመጣል፤ አገራችን በዚህ አይታማም። ሙዝና ብርቱካን ይዘው ይገባሉ፣ ዱካ ላይ ይደረደራሉ፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላሉ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ድምፃቸው ከጓዳ እንደሚመጣ ነገር ጉርምርም ይላል። ጭንቅላቴን ቀና ሳደርግ ቤቱ ስለሚዞር ቀና አልልም፤ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እነሱ ይጠብቃሉ፣ ይተያያሉ፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ያወራሉ።

ሰው «የሺ አኩርፋለች» ብሎ መደምደሙን በኋላ ነው የሰማሁት። ሠልጣኞቹ በአደባባይ መውደቄን አይተው ስለሳቁብኝ ነው ተባለ። አልሳቁብኝም፤ እኔም አላኮረፍኩም። ጠያቂው ግን እየሳሳ ሄዶ ቀረ። እትዬ ጥሩ «ሰው ሲመጣ እንኳ ዓይንሽን ብትገልጪ ምን አለበት?» እያለች ትቆጣኛለች፤ እሷንም የምሰማት ጎንበስ ስትል ብቻ ነው።

መነጽር ያጠለቀን ሰው ከውጭ ሆናችሁ ካያችሁት ያስቃል። ባዶ አየር ይገፋል፣ ከሌለ ድንጋይ ይሸሻል። እሱ ግን ውስጥ ብቻውን ነው፤ የሚያየውን የሚያይለት የለም። እኔም አልጋዬ ላይ እንደዚያ ነበርኩ። ቤቱ የሚዞረው ለኔ ብቻ ነው፣ ዝም ያለውም ለኔ ብቻ ነው። ብቻዬን ስኖር ይህን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። አለቀስኩ። እትዬ ጥሩ ስላመመኝ መሰላት፤ ኪኒን ጨመረችልኝ።

ገመቹ የመጣው ሊጠይቀኝ ብቻ አልነበረም። ኃላፊው መነጽሩ ለሻጮቹ ይመለስ ብሎት፣ ብልሽቱ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረበት። ማሰሚያውን በፌስታል ይዞ፣ የትምህርቱን ድምፅ ስልኩ ላይ ጭኖ መጣ።

«ቲቸር፣ እኔ ብልሽት አላገኘሁም። እርስዎ ደግሞ አለ ብለዋል። አንዴ ብቻ ያዳምጡልኝና የትኛው እንደጠፋ ይንገሩኝ» አለ። ተጎንብሶ ስለተናገረ ሰማሁት።

እትዬ ጥሩ ልታስወጣው ነበር። «መነጽር አይደለም እናቴ፣ ማሰሚያ ብቻ ነው» ብሎ ለመናት። ትራስ ደግፋችሁ አስቀምጡኝ አልኳቸው። ማሰሚያውን አደረገልኝ። ሞተሩ በቀኝ በኩል ይሰማል፤ በግራ በኩል ምንም የለም።

«አሁንም ያው ነው። ኩሽኔታው የለም» አልኩት።

ገመቹ ጭንቅላቱን አከከ። «ቶሌ። እንግዲያው ላገላብጠው። የግራው ማሰሚያ ቀኝዎ ላይ ይሁን። ከተበላሸ አሁን በቀኝዎ ነው የሚጠፋው።» ማሰሚያውን አውልቆ አዙሮ መለሰልኝ።

ኩሽኔታው ጮኸ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ እኔ ራሴ ለስንቱ ሠልጣኝ «ስማ!» ያልኩበት ጩኸት በቀኝ ጆሮዬ መጣ። በግራ በኩል ደግሞ አሁን ሞተሩ መሰማት ነበረበት። አልተሰማም። ማሰሚያውን በእጄ ገልብጬ ሞከርኩት፣ እንደገና ገለበጥኩት። የሚገለበጠው ማሰሚያው ነው፤ ዝምታው ግን ከግራዬ አልነቃነቅ አለ።

«ማል ታቴ ቲቸር? ምን ሆኑ?» አለ ገመቹ ፊቴን አይቶ።

«ማሽኑ ደህና ነው» አልኩት። እሱም ገባው መሰለኝ፣ ማሰሚያውን ቀስ ብሎ ከራሴ ላይ አነሳው። ተነስቶ ሲወጣ ለእትዬ ጥሩ «የጆሮ ሐኪም ጋ ይውሰዷት» አላት።

የጆሮ ሐኪም ያገኘነው አዳማ ነው። ከአሰላ ቁልቁል በሚኒባስ መውረድን ደህና ሰውም አይወደውም። ዓይኔን ሹፌሩ ማጅራት ላይ ተክዬ፣ የእህቴን እጅ ይዤ፣ ኢተያን ያለፍነው እያጓራሁ ነው። የእሷ እጅ ቀላ፤ ግን አልነጠቀችኝም። ተራ የምንጠብቅበት ክፍል ጆሮ በታመመ ሰው የተሞላ ስለሆነ ሁሉም ይጮሃል። ስም የምትጠራው ልጅ ግን ድምፅ የላትም። ስሜ ተጠርቶ ያልፈኛል ብዬ ፈራሁ፤ እትዬ ጥሩም ካርድ ለማውጣት ሄዳለች። ከአቦምሳ አባቷን ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ሁኔታዬን አይታ ስሜን ጠየቀችኝ። «ሲጠሩ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። ጨፈንኩ። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመስማት ምርመራው ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ድምፅ በተሰማሽ ቁጥር ይህን ቁልፍ ተጫኚ ተባልኩ። በቀኝ ጆሮዬ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ዝም አለ። ወደ ግራው እስኪዞሩ ጠበቅኩ። ረጅም ጊዜ ጠበቅኩ፤ ምነው አይጀምሩም ብዬ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየሁ። ባለሙያው እጁን መዘውሩ ላይ አድርጎ እኔን ያያል። ከጀመረ ቆይቷል፤ እሱም እኔን ነው የሚጠብቀው።

ሐኪሙ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ወንበሩን አዙሮ በቀኜ በኩል ተቀመጠ። በወረቀት ላይ ጆሮ ሥሎ አስረዳኝ። ውስጠኛው ጆሮ መስማት ብቻ አይደለም ሥራው፣ ሚዛናችንንም የሚጠብቀው እሱ ነው። የኔ ግራ ከጉንፋኑ በኋላ ተቆጥቶ ተጎድቷል። ቀኙ ለአንጎል «ቆመናል» ይላል፤ ግራው ምንም አይልም። አንጎል ታዲያ የአንዱን ወሬ ብቻ ሰምቶ እየዞርኩ ነው ብሎ ይደመድማል።

«መነጽሩስ?» አልኩት እህቴ እንድትሰማ።

«መነጽሩ አላመጣብዎትም። የታመመ ጆሮ ይዘው ስላጠለቁት አባብሶት ይሆናል፣ ሌላ የለበትም።»

«ጆሮዬ ይመለሳል?»

ሥዕሉን ወደኔ አስጠጋ። «የእብጠት መድኃኒት እሰጥዎታለሁ። እንደጠፋ ወዲያው ቢመጡ ኖሮ የተሻለ ተስፋ ነበረው። አሁን ብዙ ቃል አልገባልዎትም። መዞሩ ግን ይሻልዎታል፤ አንጎል በአንዱ ጆሮ መኖርን ይማራል። የሚማረው ግን ሲንቀሳቀሱ ነው። የማዞር ኪኒኑን ያቁሙ፣ ከአልጋ ይነሱ።»

ለዚህ ነው መጻፌ። አንድ ጆሯችሁ በድንገት ድፍን ቢል፣ ጉንፋን ነው፣ ብርድ ነው፣ ስልኬ ተበላሽቷል አትበሉ። በዚያው ሰሞን የጆሮ ሐኪም ፈልጉ፤ ሳትጠየቁም ለሐኪም ንገሩ። የማዞር ኪኒንም ለመጀመሪያዎቹ ክፉ ቀናት ነው እንጂ የሚኖሩበት አይደለም፤ ሐኪማችሁን ጠይቁት። እኔ ሁሉንም በተቃራኒው ነው ያደረግኩት፣ ሁሉንም ደግሞ በሚወዱኝ ሰዎች ምክር።

አሰላ ተመልሰን በማግስቱ ተነሳሁ። ቆምኩ፣ ግድግዳ ይዤ ተራመድኩ፣ ራሴን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዞርኩ፣ ወደቅኩ። እትዬ ጥሩ ሮጣ አነሳችኝና ወደ አልጋው ጎተተችኝ። «ይሄ ሐኪም አውሬ ነው! ታማሚ እንዴት ተነሺ ይባላል?» እያለች ታለቅሳለች። ተናደድኩ። «ተዪኝ! ያስተኛሽኝ አንቺ ነሽ!» አልኳት። እጇን ለቀቀችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ «ገበያዬ ተበላሸ» አለችና ወደ ጎበሳ ሄደች። ምሳዬን ሠርታ፣ ክዳኑን ገጥማ ነው የሄደችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የግድግዳና የኔ ነው። በተከራየሁበት ቤት የጋራ ኮሪደር ራሴን እያዞርኩ እመላለሳለሁ፤ ተከራዮቹ ሲያልፉ ይጠጉልኛል። አንዷ «የሺ ደግሞ መጠጥ ጀመረች» ማለቷ ደርሶኛል። ምነው በጠጣሁ፣ ቢያንስ ስካሩ ይበርድ ነበር። አንድ ጊዜ እትዬ ጥሩ ደወለች፤ በልማድ ስልኩን በግራ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ምንም የለም። ደውላ ዝም አለችኝ ብዬ ዘጋሁባት። ለካ እሷ «እንዴት አደርሽ?» እያለች ኖሯል። ቆይቶ ሲገባኝ መልሼ ደወልኩ፣ በቀኙ። «ጆሮዬን ተሳስቼ ነው» አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሽንኩርቱ መወደዱን ነገረችኝ። ታርቀናል ማለት ነው።

ሐኪሙ የጠቆመኝ፣ እዚሁ አሰላ ያለች፣ ሃዊ የምትባል የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ በየሳምንቱ ታየኝ ነበር። ለዕድሜዋ ቆፍጣና ናት። ቤት ውስጥ መራመድ ሲሻለኝ ገበያ ላከችኝ፤ የሚንቀሳቀስ ሕዝብ ሳይ እንደገና ዞረብኝ፣ አንድ የድንች ከረጢት ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ስነግራት «ዓይንዎ የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት መልመድ አለበት። ትንሽ በትንሽ፣ ተቀምጠው፣ ሲበዛብዎት ማቆም የሚችሉት ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር» አለች። አየኋትና ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር እኮ እኛ ጋ አለ፤ መነጽሩ ብልሽት ስላልተገኘበት ለሻጮቹ ሳይመለስ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈበት ነው።

ኃላፊው «ደግሞ ብትወድቂስ?» ብሎ ተጨነቀ። ሃዊ ራሷ መጥታ አስረዳችው። ገመቹ ወንበሩን ከግድግዳ አስጠግቶ፣ ኮምባይነሩን በመነጽሩ ውስጥ አቆመልኝ፤ ሞተር ጠፍቶ፣ ስንዴው ብቻ በነፋስ እየተወዛወዘ። የመጀመሪያው ቀን እሱንም አልቻልኩም። ሌላ ቀን ቻልኩ። ከዚያ ማሽኑ እንደ ኤሊ ሄደ፤ ቀጥሎ ታጠፈ። ሲያጥወለውለኝ እጄን አነሳለሁ፣ ገመቹ ያቆመዋል። ሠልጣኞቹ በር ላይ ተኮልኩለው እንድወድቅ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን መነጽሩን አውልቄ በእግሬ ቀጥ ብዬ ወጣሁ። ከእነሱ አንዱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

እንዲህ ከሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መዞሩ ተሻለኝ፣ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ጆሮዬ ግን አልተመለሰም። መድኃኒቱ ጥቂት ወፍራም ድምፅ መለሰልኝ፤ ቀጭኑ በዚያው ቀረ። በአንድ ጆሮ ደግሞ ድምፅ ይሰማል እንጂ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ በሞተር ጩኸት መሃልማ ከግራ የሚመጣ ቀጭን ድምፅ ጨርሶ ይጠፋል። ይህን ለሠልጣኞቹ አልነገርኳቸውም። ያወቁት መዞሩን ነው። «ጆሯችሁን ስጡ» የምትል መምህርት ራሷ እንደማትሰማ ካወቁ ምን እቀራለሁ? መኸሩ ደግሞ ደርሷል፤ ማሳ ላይ መውጣት አለብን። ማሳ ላይ ካልሰማሁ አስተማሪ አይደለሁም። ስለዚህ እንደ ሌባ ተጠነቀቅኩ። ሁልጊዜ ከሰው በግራ እቆማለሁ፣ አፍ አያለሁ፣ ያልሰማሁትን ቀልድ አብሬ እስቃለሁ። አልጋ ላይ ከነበርኩበት ጊዜ ይልቅ የዚያን ሰሞን ደከመኝ።

የወጣነው ከአሰላ ብዙም በማይርቅ ማሳ ላይ ነው። መሪውን የያዘው ጀማል ነበር፤ ከሮቤ የመጣ፣ ቀድሞ ጋሪ ይነዳ የነበረ፣ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ማሽኑ ዳገቱን ሲይዝ አጋደለ፤ እኔ አልዞረኝም። መሬቱ በቦታው አለ፣ ሰማዩ በቦታው አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቴ ተከፈተ። «ጥሩ ነው፣ ቀጥል! ሁሉም ደህና ነው!» ብዬ ጮህኩለት።

ጀማል ማሽኑን አቆመው።

«ማን አቁም አለህ?» አልኩት።

ሞተሩን አጠፋና ዞሮ አየኝ። «እየጮኸ ነው እኮ ቲቸር። በጣም እየጮኸ ነው። አልሰሙም እንዴ?»

ወረድን። በግራ በኩል ያለው ኩሽኔታ ሊነካ በማይችል ሁኔታ ግሏል፤ ዙሪያው የተጠቀጠቀው ገለባ መጥቆር ጀምሯል፣ ቀጭን ጭስ ይወጣዋል። ባለማሳው ሽማግሌ ከዳር ሆነው አዩትና «ያ ረቢ!» ብለው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ሠልጣኞቹ ገለባውን ጠርገው ውኃ አፈሰሱበት። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ጥያቄው ገና አልተመለሰም።

«በግራ ጆሮዬ አልሰማም» አልኩ። «ከታመምኩ ወዲህ አልሰማም። ይህን ኩሽኔታ ከእንግዲህም አልሰማውም።»

ሽማግሌው ስንዴያቸውን ያያሉ። እኔ ማሽኑን አያለሁ፤ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ሥራዬ እዚያ ገለባ ላይ ያለቀ መሰለኝ።

ጀማል እጁን በሱሪው ጠረገ።

«እንግዲህ ሌላ ጊዜ ስሰማ» አለ፣ «መጀመሪያ ላቁም ወይስ መጀመሪያ ልንገርዎት?»

ቀና ብዬ አየሁት። አልቀለደም፣ አላዘነልኝምም። ትምህርቱን ነው የጠየቀኝ።

«መጀመሪያ አቁም» አልኩት። «ከዚያ ንገረኝ።»

ሌሎቹ ሲደግሙት ሰማሁ።